ዝንጉርጉሯን የበቆሎ ፍሬ ያልናቀችው ሊቅ

በቆሎ የሚያመርት ሰው አልፎ አልፎ ዝንጉርጉር ፍሬ ያጋጥመዋል። እሸቱ ሲሸለቀቅ በነጩ ወይም በቢጫው መካከል ቀለም ጠብ ያለበት የሚመስል አንድ ሁለት ፍሬ ብቅ ይላል። ልጆች ይገረሙበታል፤ አዋቂው ግን ወይ ጠብሶ ይበላዋል፣ ወይ ለዘር አይሆንም ብሎ ከምርጡ ይለየዋል። አሜሪካዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ባርባራ ማክሊንቶክ ግን የዕድሜዋን ግማሽ የሚያህል ጊዜ ያሳለፈችው ይህን ነጠብጣብ በመመርመር ነው።

ከነጠብጣቡ የተረዳችው ነገር ትልቅ ነበር። ዘረመል (ጂን) እንደ ድንበር ድንጋይ በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚቀር አይደለም፤ ሊሠራም ሥራ ሊያቆምም ይችላል፤ አንዳንዴም ቦታ ይለውጣል። ይህ ግኝት ከእሷ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ፈንገስ በኬሚካል አማካኝነት የበቆሎን ዘረመል እንዴት እንደሚያውክ፣ በቆሎውስ ራሱን እንዴት እንደሚከላከል እንዲደርሱበት መንገድ ከፍቷል። በዛሬው የግብርና ዓምዳችን የዚህችን ሴት ሕይወትና ሥራዋ ለአርሶ አደሩና ለባለሙያው ያለውን ፋይዳ እንቃኛለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ግብርና ኮሌጅ

ባርባራ ማክሊንቶክ በ1902 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ተወለደች። ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ናት። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ ሥራቸው እስኪደላደል ድረስ የቤተሰቡን ወጪ ለማቃለል ባርባራ በሕፃንነቷ ከአክስቷና ከአጎቷ ዘንድ ተቀምጣለች። በ1908 ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተዛወረ። ባርባራ ለብቻዋ መዋልንና ማንበብን የምትወድ፣ የያዘችውን ነገር ከዳር ሳታደርስ የማትለቅ ልጅ ነበረች።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መግባት ፈለገች። እናቷ ግን አልተስማሙም፤ ብዙ የተማረች ሴት ባል አታገኝም የሚል ስጋት ነበራቸው። እንዲህ ያለው ስጋት በእኛም አገር ስንት ልጃገረድ ከትምህርት ገበታ እንዳስቀረ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በውትድርና ሐኪምነት ሲያገለግሉ ቆይተው የተመለሱት አባቷ ግን ፈቀዱላት። በ1919 በኮርኔል የግብርና ኮሌጅ ተመዘገበች። በ1923 የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በ1925 ሁለተኛ ዲግሪዋን፣ በ1927 ደግሞ ገና በ25 ዓመቷ በዕፅዋት ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች።

በቆሎ ለምን ተመረጠ?

በዚያን ዘመን ኮርኔል በፕሮፌሰር ሮሊንስ ኤመርሰን መሪነት የበቆሎ ዘር ጥናት ማዕከል ነበር። በቆሎ ለዚህ ጥናት የተመረጠው በምክንያት ነው። ወንዴው አበባ ከአገዳው አናት ላይ፣ ሴቴዋ ደግሞ ከጎን በኩል ስለሚገኙ ተመራማሪው ሁለቱንም በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ የትኛው ተክል ከየትኛው ጋር እንደሚዳቀል ራሱ መወሰን ይችላል። ከዚህም በላይ በአንድ ራስ በቆሎ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፍሬ ራሱን የቻለ ልጅ ነው። እያንዳንዱ የበቆሎ ፀጉር የየራሱን የአበባ ዱቄት ተቀብሎ አንዲት ፍሬ ያፈራል። ስለዚህ አንድ ራስ በቆሎ በእጁ የያዘ ሰው የአንድ እናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን በአንድ ጊዜ ያያል ማለት ነው።

የባርባራ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ የበቆሎን ክሮሞሶሞች አንድ በአንድ መለየት ነበር። ክሮሞሶም ማለት በህዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ ዘረመሎችን ተሸክሞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ክር መሰል አካል ነው። በቆሎ አሥር ጥንድ ክሮሞሶሞች አሉት። ቀደም ሲል ይቆጠሩ ነበር እንጂ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ባርባራ የቀለም አነካከሩን ዘዴ አሻሽላ በማይክሮስኮፕ ሥር የእያንዳንዱን ርዝመት፣ ቅርጽና እብጠት ለየች። በ1929 አሥሩንም በቁጥር ሰይማ አሳተመች።

በ1931 ደግሞ ከተማሪዋ ከሃሪየት ክሬይተን ጋር ሆና ክሮሞሶሞች ከእናትና ከአባት የመጣውን ክፍላቸውን እንደሚለዋወጡ፣ የባሕርይ መቀላቀልም ከዚህ ልውውጥ ጋር አብሮ እንደሚሄድ በዓይን በሚታይ ማስረጃ አሳየች። ይህ ነገር ለአርሶ አደሩ ሩቅ አይደለም። ከድቃይ በቆሎ የተሰበሰበ ፍሬ በቀጣዩ ዓመት ለዘር ሲውል ቁመቱም ምርቱም የተዘበራረቀ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከሁለቱ ወገን የመጡት ዘረመሎች እንደገና ተከፋፍለውና ተለዋውጠው ለልጆቹ በየዓይነቱ ይደርሳሉ። የግብርና ባለሙያዎች ድቃይ ዘር በየዓመቱ መግዛት እንደሚገባ የሚመክሩትም ከዚህ የተነሳ ነው።

ቋሚ ሥራ ያጣችው ምሁር

ባርባራ ይህን ሁሉ ሠርታም ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ሥራ አላገኘችም። በዚያን ጊዜ ለሴት ተመራማሪ ክፍት የነበረው በር ጠባብ ነበር፤ ዘመኑም የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። ለበርካታ ዓመታት በአጫጭር የምርምር ድጎማ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች ሠራች። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ከሉዊስ ስታድለር ጋር ሆና ራጅ ጨረር የተመታ በቆሎ ክሮሞሶሙ እንዴት እንደሚሰባበር አጠናች። በ1933 ለጥናት ወደ ጀርመን ብትሄድም የናዚዎች ሥልጣን መያዝ አገሩን አውኮት ስለነበር ካሰበችው ጊዜ ቀድማ ተመለሰች።

በ1936 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆነች። እዚያም የተሰበረ ክሮሞሶም ጫፍ ለጫፍ እንደሚጣበቅ፣ ህዋሱ ሲከፈል ደግሞ ተመልሶ እንደሚሰበር ተከታትላ አሳየች። ነገር ግን በዚያ የዕድገት ተስፋ እንደሌላት ስለተሰማት በ1941 ለቅቃ ወጣች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ አቅራቢያ ባለው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የምርምር ጣቢያ በካርኔጊ ተቋም ሥር ሥራ ጀመረች። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜም ከዚያ አልተለየችም። በ1944 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆና ተመረጠች፤ በ1945 የአሜሪካ የጄኔቲክስ ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የምትዘራው መሬት ሰፊ አልነበረም። ነገር ግን ተክሎቿን አንድ በአንድ ታውቃቸው ነበር። ከቡቃያ እስከ አጨዳ እየተመላለሰች ታያቸዋለች፤ ማዳቀሉንም ራሷ ትሠራለች፤ ፍሬውን ትመዘግባለች፤ ክረምቱን ደግሞ ከማይክሮስኮፕ ጋር ታሳልፋለች። ያልጠበቀችው ተክል ሲያጋጥማት ስህተት ነው ብላ አትጥለውም፤ ምክንያቱን እስክታገኝ ትከተለዋለች።

ቦታ የሚለውጠው ዘረመል

ከ1944 ጀምሮ ክሮሞሶማቸው ከተሰበረ ወላጆች የተገኙ በቆሎዎችን ስታባዛ ያልተለመደ ነገር ማየት ጀመረች። በቅጠሎቹ ላይ ሽንትር፣ በፍሬዎቹ ላይ ነጠብጣብ በረከተ። በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚሰበር ነጥብ አገኘች። ነጥቡ የሚሰበረው ግን ሌላ አካል በዚያው ህዋስ ውስጥ ካለ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ከፋፋይ፣ ሁለተኛውን አንቀሳቃሽ የሚል ትርጉም ያላቸው ስሞች ሰጠቻቸው። በ1948 ከፋፋዩ ከነበረበት ቦታ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚዛወር አረጋገጠች።

የነጠብጣቡ ምሥጢር እዚህ ላይ ተፈታ። ፍሬውን ወይን ጠጅ የሚያደርግ ዘረመል አለ። ከፋፋዩ ዘልሎ ከዚህ ዘረመል መካከል ሲገባ ቀለም መሥራት ይቆማል፤ ፍሬው ነጣ ብሎ ያድጋል። ፍሬው በማደግ ላይ ሳለ አንቀሳቃሹ ከፋፋዩን ካስወጣው ደግሞ ዘረመሉ ሥራውን ይጀምራል፤ ከዚያች ህዋስ የተባዙት ሁሉ ወይን ጠጅ ይሆናሉ። ከፋፋዩ ቀደም ብሎ ከወጣ ነጠብጣቡ ሰፊ ይሆናል፤ ዘግይቶ ከወጣ ትንሽ ይሆናል።

ባርባራ ከዚህ ተነስታ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። በአንድ ተክል ውስጥ ያሉ ህዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ዘረመል ይዘው ሳለ አንዱ ሥር፣ ሌላው ቅጠል፣ ሌላው ፍሬ የሚሆነው እንዴት ነው? መልሷ ዘረመሎች የሚመሩበትና የሚታዘዙበት ሥርዓት አለ የሚል ነበር። ያገኘቻቸውን ተዘዋዋሪ አካላትም ተቆጣጣሪዎች ብላ ሰየመቻቸው።

ሰሚ ያጣ ግኝት

ግኝቷን በ1950 በጽሑፍ፣ በ1951 ደግሞ በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ አቀረበች። የተቀበላት ግን ግራ መጋባትና ዝምታ ነበር። ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች ዘረመልን በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ቦታው የማይናወጥ አድርገው ያዩት ስለነበር ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ማስረጃዋም ረቂቅና የተወሳሰበ ነበር። ከ1953 በኋላ የዚህን ሥራ ዝርዝር በታወቁ መጽሔቶች ማሳተሙን ተወችው። ሥራውን ግን አልተወችም፤ ውጤቱን በተቋሟ ዓመታዊ ሪፖርት እያሰፈረች ቀጠለች።

ከ1957 ጀምሮ ደግሞ ፊቷን ወደ ሜክሲኮ፣ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ አዞረች። እዚያ ገበሬዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ያቆዩአቸው የአገር በቀል በቆሎ ዝርያዎች ወደ ዘመናዊ ዝርያ ሲለወጡ እንዳይጠፉ የማሰባሰብ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ባርባራ የዝርያዎቹን ክሮሞሶም እያጠናች፣ የአካባቢውን ወጣት ተመራማሪዎችም እያሠለጠነች ለዓመታት ሠራች። የጥናቱ ሙሉ ውጤት በ1981 ታተመ።

በዚህ መካከል ዘመኑ ወደ እሷ እየመጣ ነበር። በ1961 ፈረንሳውያኑ ፍራንስዋ ዣኮብና ዣክ ሞኖ በባክቴሪያ ውስጥ ዘረመልን የሚያሠሩና የሚያቆሙ ተቆጣጣሪዎች እንዳሉ አሳዩ። ባርባራም በዚያው ዓመት የእነሱ ግኝት ከበቆሎው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ጻፈች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦታ የሚለውጡ የዲ ኤን ኤ ቁራጮች በባክቴሪያ ውስጥ ተገኙ። ቀጥሎም በዝንብ፣ በእርሾና በሰውም ጭምር መኖራቸው ታወቀ። በ1983 የ81 ዓመት አዛውንት ሳለች የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለብቻዋ ተሰጣት። በዚህ ዘርፍ ሽልማቱን ከማንም ሳትጋራ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዜናውን የሰማችው ከራዲዮ ነው። ትዳር አልያዘችም፤ ልጅም አልነበራትም። መስከረም 2 ቀን 1992 በ90 ዓመቷ አረፈች።

ክሩና ቀሰሙ

ባርባራ በዓይኗ ያየችው የዘረመል ሥራ መጀመርና መቆም በምን እንደሚመራ ዛሬ በተሻለ ይታወቃል። በአንዲት የበቆሎ ህዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ ክር በዓይን በማትታይ ህዋስ ውስጥ የሚከተተው ሸማኔ ማጉን በቀሰም እንደሚጠቀልል ሁሉ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ስለሚጠቀለል ነው። ሂስቶንን በ1884 ያገኘው ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል ነው። ክሩና ፕሮቲኖቹ በአንድነት ክሮማቲን ይባላሉ።

ክሩ በቀሰሙ ላይ ጥብቅ ካለ በውስጡ ያለው ዘረመል አይነበብም። ላላ ካለ ይነበባል፤ ሥራውንም ይሠራል። ማጥበቁና ማላላቱ ከሚመራባቸው መንገዶች አንዱ በሂስቶኖቹ ላይ የሚለጠፍ አሴቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካል ነው። አንዳንድ ኢንዛይሞች አሴቲልን ይለጥፋሉ፤ ክሩ ይላላል። ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ያነሱታል፤ ክሩ ይጠብቃል። ጤነኛ ተክል ሁለቱን እያመጣጠነ ይኖራል። በዲ ኤን ኤው ላይ በራሱ የሚለጠፍ ሜቲል የተባለ ሌላ ምልክትም አለ። ባርባራ አንዳንድ ተቆጣጣሪ አካላት ሳይጠፉ ለትውልድ ጸጥ ብለው ቆይተው እንደገና ሲነሱ አይታ ነበር። በ1980ዎቹ የተደረገ ምርመራ ጸጥ ያሉት ሜቲል ስለተለጠፈባቸው መሆኑን አሳይቷል።

እነዚህን ምልክቶች የሚያዛቡ ኬሚካሎች አሉ። በ1990 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ እንዳመለከተው የሩዝ ችግኞች አዛሳይቲዲን በተባለ ሜቲልን በሚቀንስ ኬሚካል አንድ ጊዜ ብቻ ሲነከሩ ድንክ ተክሎች ተገኙ፤ ድንክነቱም ወደ ልጆቻቸው ተላለፈ። አሴቲልን የሚያነሳውን ኢንዛይም የሚያግድ ቮሪኖስታት የተባለ መድኃኒትም ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት ካንሰር ሕክምና ይውላል። የዘረመልን ሥራ የሚያውክ ኬሚካል እንግዲህ በልክ ሲያዝ መድኃኒት፣ ያለ ቦታው ሲገባ መርዝ ነው።

ፈንገሱ የተጠቀመበት መርዝ

እንዲህ ያለውን መርዝ ሰው በቤተ ሙከራ ሳያውቀው አንድ ፈንገስ ቀድሞ ይጠቀምበት ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በአንዳንድ የበቆሎ ማባዣ ማሳዎች ላይ ቅጠሉን በነጠብጣብ እየበላ የሚያደርቅ፣ ራሱንም ከሰል እንዳስመሰለ የሚያጠቁር በሽታ ታየ። በሽታው የሚያጠቃው ሁሉንም በቆሎ አልነበረም። በጎን ያለው መስመር ምንም ሳይነካ አንዱ መስመር ብቻ ያልቃል። የበሽታው ምክንያት ፈንገስ ሆኖ ተገኘ፤ መሣሪያው ደግሞ ኤች ሲ የሚል ስም የተሰጠው መርዝ ነው።

መርዙ ምን እንደሚያደርግ የታወቀው በ1995 ነው። ኬሚካሉ ከሂስቶን ላይ አሴቲልን የሚያነሳውን ኢንዛይም ያግዳል። አሴቲል ይለጠፋል እንጂ አይነሳም፤ በሂስቶኖቹ ላይ ከመጠን በላይ ይከማቻል። የተክሉ ዘረመሎች በጊዜያቸውና በልካቸው መታዘዛቸው ይታወካል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት መርዙ ህዋሱን ወዲያው አይገድለውም፤ ተክሉ መከላከያውን በወቅቱ እንዳያነሳ ያደርገዋል እንጂ። ፈንገሱ በዚህ ክፍተት ገብቶ ይሰፍራል።

ታዲያ አብዛኛው በቆሎ ለምን አይታመምም? በቆሎ ይህን መርዝ ለውጦ ከንቱ የሚያደርግ ኢንዛይም የሚያሠራ ዘረመል አለው፤ ስሙ ኤች ኤም 1 ነው። የሚታመሙት መስመሮች ይህ ዘረመል የተበላሸባቸው ናቸው። ዘረመሉ ተለይቶ የወጣው በባርባራ መንገድ ነው። ጉርሙክ ጆሃልና ስቲቨን ብሪግስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቦታ የሚለውጡ የዲ ኤን ኤ ቁራጮች የበዙበትን በቆሎ ወስደው አዳቀሉ። ከጤነኞቹ መካከል በድንገት በሽታ የያዛቸውን ተክሎች ፈለጉ። በሽታ የያዛቸው ዘላዩ ቁራጭ ከመከላከያው ዘረመል መካከል ገብቶ ሥራ ያስቆመባቸው ናቸው። ቁራጩ የተገኘበት ቦታ የዘረመሉን ቦታ አመለከተ። ይህ በዕፅዋት ዓለም ተለይቶ ከወጡት በሽታን የሚቋቋሙ ዘረመሎች የመጀመሪያው ሲሆን ሥራው የታተመው በ1992 ባርባራ ካረፈች ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው።

በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የዚህ ዘረመል ዘመዶች በሣር ወገን ባሉ ሰብሎች ዘንድ በሰፊው እንደሚገኙ አሳይቷል። በገብስ ውስጥ ያለው ዘረመል በሙከራ ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ ገብሱ ለዚያው ፈንገስ ተጋለጠ። ሣር ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ሲጠበቅበት የኖረ ጋሻ ነው ማለት ነው።

ለወረዳውና ለማሳው ምን ትምህርት አለው?

የመጀመሪያው ትምህርት ጋሻ ሳይታወቅ ሊወድቅ እንደሚችል ነው። የኢንዲያናው በሽታ የመጣው አዳቃዮች መስመሮችን በራሳቸው ሲያራቡ በአንዳንዶቹ ላይ መከላከያው ስለጠፋ ነው። መስመሮቹ በሌላው ባሕርያቸው መልካም ነበሩ፤ ጉድለታቸው የታወቀው ፈንገሱ ሲመጣ ነው። በ1970 ደግሞ በአሜሪካ ከዚህ ፈንገስ ዘመድ የሆነ ሌላ ፈንገስ፣ ሌላ ዓይነት መርዝ ይዞ ተነሳ። ያኔ አብዛኛው የአገሪቱ ድቃይ በቆሎ በእናቱ በኩል አንድ ዓይነት መሠረት ስለነበረው በአንድ ዓመት ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ሲለብስ ለአንዱ የመጣ ለሁሉም ይደርሳል። የወረዳ ኃላፊዎች የዘር አቅርቦት ሲያቅዱ ከአንድ በላይ ዝርያ ማሰብ፣ አርሶ አደሩም የአያቶቹን ዝርያ ከጓሮው ጨርሶ አለማጥፋቱ ለዚህ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ትምህርት በሽታን ሳይለዩ ወደ ርጭት አለመሮጥ ነው። የበቆሎ ቅጠል ነጠብጣብ አወጣ ማለት በሽታው አንድ ነው ማለት አይደለም። ዋግ አለ፤ ቅጠል አድርቅ አለ፤ በቫይረስ የሚመጣ አለ፤ የማዳበሪያ እጥረት የሚያመጣው የቅጠል ቀለም ለውጥም አለ። የፈንገስ ኬሚካል ለቫይረስ አይሠራም፤ ለንጥረ ነገር እጥረትም አይሆንም። ለአርሶ አደሩ ከሁሉም የሚረክሰው መከላከያ በዘሩ ውስጥ ያለው ነው፤ ርጭት አይጠይቅም፤ በየዓመቱም ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛው ትምህርት የባርባራ የሥራ ልማድ ነው። እሷ ሌላው ስህተት ነው ብሎ የሚጥለውን ተክል ለይታ ተከተለችው። በማሳ ውስጥ ሁሉ ደርቆ አንድ አገዳ ለምልሞ ቢቆም ወይም ሁሉ ለምልሞ አንድ መስመር ብቻ ቢታመም ነገሩ ምክንያት አለው። እንዲህ ያለውን ተክል አርሶ አደሩ ከሌላው ጋር አጭዶ ከመከመሩ በፊት ምልክት ቢያደርግበትና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቢያሳየው መልካም ነው። ባለሙያውም ዝርያውን፣ የተዘራበትን ቀንና በሽታው የጀመረበትን ቀን መዝግቦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያው ላለው የምርምር ማዕከል ሊያደርስ ይገባል። ተመራማሪው በአንድ ወቅት ሊያየው የሚችለው የራሱን የሙከራ ማሳ ነው፤ የክልሉን ማሳ ሁሉ በየዕለቱ የሚያየው አርሶ አደሩ ነው።

ይህ እንዲሆን ግን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። የባርባራ ግኝት በ1951 ቀርቦ በ1983 እስኪሸለም ድረስ 32 ዓመት አልፏል። ችግሩ የማስረጃ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ የተለመደውን የሚነካ ነገር ሲቀርብ የማድመጥ እጥረትም ነበር። አንድ አርሶ አደር ዘንድሮ በቆሎዬ ላይ ያልተለመደ ነገር አየሁ ብሎ ወደ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ነገሩ ከመመሪያው ውስጥ የለም ብሎ ከመመለስ ማሳው ድረስ ሄዶ ማየት ይሻላል። ጉዞው ምናልባት የግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታ ይሆናል፤ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የሚጠፋው ግን የዓመት ምርት ነው።